እንባ ያላጠበው ኩል

አንቱ እያልኳት ያደግሁትን ሴት እዚህ ወረቀት ላይ «እሷ» ብዬ ነው የምጽፋት። ዘመዶቼ ቢያነቡት ነውር ነው ይሉኛል። ይበሉ። የእኔም የእህቴም የክርስትና እናት ነበረች። ለእናቴ ከእህት የምትቀርብ፣ ቤታችን ሳትጠራ የምትገባ፣ ሌማታችንን ሳታስፈቅድ የምትከፍት ሴት ነበረች። ታላቅ እህቴ ዛሬ በግራ ዓይኗ ምንም አታይም፤ በቀኙም ቢሆን የሚታያት ጥላ ብቻ ነው። ይህን ያደረገችው የክርስትና እናታችን ናት፤ እንዴት እንዳደረገችው ከእኔ በቀር የሚናገር ስለሌለ እኔ እጽፈዋለሁ።

ወረታ በዚያን ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ ማለቴ ነው፣ ከመኪናው መንገድ ዳርና ዳር የቆሙ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ገበያ ነበረች። ከከተማው ወደ ጣና በኩል የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፣ ከብቱም ይለቀቅበታል። ከብት ባለበት ዝንብ አለ፤ በጋ ሲሆን ደግሞ አቧራው አያስቆምም። ስለዚህ ሴቱ ሁሉ ይኳል ነበር። ለማማር ብቻ አልነበረም፤ ኩል ዓይን ይጠብቃል ስለሚባል ጡት የሚጠቡ ሕፃናት እንኳ ይኳሉ ነበር።

የክርስትና እናቴ በገበያው ውስጥ ስሟ የታወቀ ኩል ሻጭ ነበረች። ድንጋዩን ራሷ መርጣ ትገዛለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትፈጨዋለች፣ በሻሽ ነፍታ እንደገና ትፈጨዋለች። አንድ ብልቃጥ የምትሞላ ኩል ሁለት ቀን ትፈጅባታለች። በመጨረሻ ዱቄቱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ታሸዋለች፤ አንዲት ጠጠር ከተሰማቻት ሁሉም ወደ ወፍጮው ይመለሳል። እንዲህ ስታደርግ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ገዢው ደግሞ ምንም አይጠይቅም። «የሷ ነው» ከተባለ በቃ፣ ልጁን አቅፎ መጥቶ ያስኩላል። ብልቃጡ ላይ ጽሑፍ የለ፣ ምልክት የለ፤ ማኅተሙ ስሟ ብቻ ነበር።

ብልቃጥ የምላት አውራ ጣት የምታህል ሸክላ ናት። የምትሠራላት ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖር አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሰው እንስራዋንና ድስቷን ይገዛል፣ ዓይኗን ግን ይፈራል፤ ቡዳ ናት ይላል። እናቶች ስታልፍ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። እኔም ተማሪ ነኝ ባይዋ ስታልፍ ፊቴን አዞር ነበር። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ እያየች እንዳላየች ዕቃዋን አስረክባ ትሄዳለች።

እህቴ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። እታለም ነበር የምላት። ዓይኗ የሚያምር ልጅ ነበረች፤ ይህን የምለው እህቴ ስለሆነች አይደለም፣ አገሩ የሚለው ነው። የታጨችውም በዓይኗ ምክንያት ነው። ከቁሐር ሚካኤል የመጡ አንዲት ባለ ብዙ ከብት ሴት ገበያ ላይ አይተዋት «ይህች ዓይን ለልጄ ናት» ብለው ሽማግሌ ላኩ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ኳይዋ ማን እንደምትሆን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ከጎንደር በጭነት መኪና እየመጣ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ለክርስትና እናቴ አዲስ ነገር አመጣላት። ጥቁር ዱቄት ያለበት ትንሽ የካርቶን እሽግ ነው። ላዩ ላይ ጠጉሩ ጥቁር ብሎ የሚያብረቀርቅ የአንድ ወንድ ስዕል አለበት። ነጋዴው ለሽበት ነው፣ ሹማምንቱ ይቀቡታል፣ አንዴ ከያዘ ሳሙና አይለቀውም አላት። ይህ «አይለቀውም» የሚለው ነገር ልቧን ወሰደው። ደንበኞቿ ሁልጊዜ የሚያማርሯት ኩሉ በላብና በለቅሶ ይፈሳል እያሉ ነበር። ከዚህ ዱቄት ቆንጥራ በኩሉ ላይ ብትቀላቅልስ ብላ አሰበች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠራችኝ። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በሰፈራችን እስክሪብቶ የምትይዝ ሴት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከእሽጉ ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«እስቲ አንች የተማርሽው፣ ይኸ ምን ይላል?»

ወረቀቱ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። አንዱም የእኛ አልነበረም። ዱቄቱን ወረታ ድረስ ለማምጣት መኪና ያገኙ ሰዎች አንዲት መስመር አማርኛ ለመጻፍ ሰው አጡ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ውስጥ ጠጉር የሚለውንና ዓይን የሚለውን ቃል ለየሁ፤ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የሰው አካል ስዕል ተለጥፎ ነበርና። ለጠጉርም ለዓይንም ነው ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ድፍረቱን አጣሁና «መምህሩን ልጠይቅ» ብዬ ወረቀቱን በደብተሬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ።

መምህራችን ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይኼን ማነው የሚጠቀምበት?» አለኝ።

«የክርስትና እናቴ። ለኩል።»

«ለጠጉር ብቻ ነው። ቅንድብና ሽፋሽፍት እንዳይነካ፣ ዓይን ያጠፋል ይላል። ለጠጉርም ቢሆን መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ነው። ሂጂና ዛሬውኑ ንገሪያት።»

እሱ እያለኝ እኔ በደብተሬ ቅጠል ላይ በአማርኛ ጻፍኩት። «ለጠጉር ብቻ። ዓይን አይንካ። ዓይን ያጠፋል።» በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ አሰመርኩበት። ቅጠሉን ገንጥዬ ከወረቀቱ ጋር እየሮጥኩ ወሰድኩላት።

ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልተቆጣችም። ሁለቱንም ወረቀት ተቀብላ አጣጠፈችና መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እሽጉን ከመደቡ ላይ አንስታ ዓይኔ እያየ ምድጃው ውስጥ ጣለችው። ካርቶኑ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ሁለታችንም ቆመን አየን።

«የኔ ልጅ፣ አዳንሽኝ» አለች። ቀጥላም ድምጧን ዝቅ አድርጋ፣ «ይኸን ሰው ሰማ ማለት ስሜ አለቀ። ጥቂት ቀላቅየ የሸጥሁላቸው አሉ፤ ምንም አልሆኑ። ለእናትሽም ትንፍሽ እንዳትይ። ማርያምን በይ» አለችኝ።

ማርያምን አልኩ። ከዚያ ቤት ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ምስጢሩን በእኔ ላይ ጥሏል፤ ያውም በትምህርቴ ምክንያት። ሞኝ ነበርኩ። የተቃጠለው አንድ እሽግ ነው፤ ነጋዴው ስንት እሽግ እንደሸጠላት አልጠየቅሁም።

የሠርጉ ዕለት ማለዳ ጓዳ ውስጥ ሴቶች እህቴን ከበው ያለብሷታል። እጇ በእንሶስላ ቀልቷል። የክርስትና እናታችን አዲስ ብልቃጥ ይዛ መጣች። ብልቃጡን ሸክላ ሠሪዋ በዋዜማው አምጥታላት ነበር፤ ያመጣችውም ወደ እኛ ቤት ስለነበር ሙሽሪትን ደጅ ላይ አይታት «ማርያም ታሳድግሽ» ብላት ሄዳለች። የክርስትና እናታችን የመኳያ እንጨቱን ነክራ የእህቴን ዓይን ኳለች። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ደራረበችላት።

«አቃጠለኝ» አለች እህቴ።

«ኩል ሲገባ ያቃጥላል። ዝም በይ፣ ሙሽራ አይዶለሽም እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

እኩለ ቀን ላይ የሙሽራው ወገኖች ደረሱ። በልተው ጠጥተው ሙሽሪትን ለመውሰድ ሲነሡ እህቴ እንደ ወጉ እናቴን ተጠምጥማ አለቀሰች። ወጉን አልፋ አለቀሰች፤ እንባዋ እስከ አንገቷ ይወርዳል። በየሠርጉ የማውቀው ነገር አለ፤ ሙሽራ ስታለቅስ ኩሉ በጉንጯ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ይሠራል፣ አክስቶች በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ይስቁባታል። የእህቴ ጉንጭ ንጹሕ ነበር። እንባው እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ ኩሉ ከተቀባበት አልነቃነቅ ብሏል። አክስቴ «ምን ያለ ኩል ነው!» ብላ ስታደንቅ ሰማሁ። የክርስትና እናቴ ከሴቶቹ መሀል ቆማ ታይ ነበር፤ ፊቷ ላይ የነበረው ኩራት ነው። ከዚያ ዓይኗ ከዓይኔ ገጠመ፤ ቶሎ ብላ ዞረች።

በዚያች ደቂቃ አውቄአለሁ። ሮጬ ሄጄ የበቅሎዋን ልጓም ይዤ «ዓይኗን እጠቡት» ብል ኖሮ እላለሁ። ግን ሠርግ ነው፤ ሽማግሌ ቆሟል፣ ከበሮ ይመታል፣ ሚዜው እህቴን አቅፎ በቅሎ ላይ አስቀምጧታል። ማርያምን ብዬ ምያለሁ። ምናልባት ሌላ ዓይነት ኩል ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

በሦስተኛው ቀን ከቁሐር ሚካኤል መልእክተኛ መጣ። መልስ አይመጡም፤ ሙሽሪት ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል፣ መግል ይወጣዋል አለ። እናቴ ነጠላዋን ሳታጣፋ ተነሣች። የክርስትና እናታችን ቤታችን ነበረች። የእናቴን ክንድ ያዘችና፣

«በዋዜማው ያች ሸክላ ሠሪ አይታት ነበር። ታሳድግሽ ብላታለች አሉ። በልታት ነው» አለች።

ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ወዲያው አመነ። ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። እኔ ብቻ ነኝ የተነሣሁት። መሐላውን አፍርሼ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ወረቀቱ፣ መምህሩ ስላለው ሁሉ ተናገርኩ።

«ወረቀቱ መቀነታቸው ውስጥ ነው፤ ሁለት ነው፤ አንዱን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

የክርስትና እናቴ በእርጋታ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ከጥምቀቱ ውኃ ተቀብላ ያቀፈችኝ ሴት የማታውቀኝ ሰው ሆና ነው ያየችኝ።

«የምን ወረቀት? እኔ መች ማንበብ አውቃለሁ?» አለችና ወደ እናቴ ዞራ፣ «ልጅቱ ደንግጣለች፤ ቀስ አድርጋችሁ ያዟት» አለች። ደግሞ አዘነችልኝ።

እናቴ በጥፊ መታችኝ። «የክርስትና እናትሽን?» አለችኝ። መምህሩ ይመስክር እንዳልል በገና ሰሞን ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ነበር። የቀረኝ ቃሌ ብቻ ነው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ዋጋ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። እህቴን ቡዳ በልቷታል ብለው በቅጠላ ቅጠል ጢስ አጠኗት፤ የቆሰለውን ዓይን ጢስ ላይ አጎንብሰው ያዙት። ቀጥሎ ጸበል ወሰዷት። የሰፈሩ ጎበዞች ደግሞ ሸክላ ሠሪዋ ቤት ሄደው ያልደረቁ እንስራዎቿን ሰባበሩ። ሴትዮዋ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ዕቃዋን ተሸክማ ወደ አንበሳሜ መንገድ ስትሄድ አየኋት። እኔ እውነቱን የማውቅ ሰው መንገዱ ዳር ቆሜ ነበር። ዞራ አየችኝ፤ በዚያ ቀን ፊቴን አላዞርኩም፣ ነገር ግን አፌንም አልከፈትኩም። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

የክርስትና እናቴን ለብቻዋ ያገኘኋት ከሳምንት በኋላ ርብ ዳር ልብስ ስታጥብ ነው። እንደ ትልቅ ሰው አነጋገርኳት፤ እሷም እንደ ትልቅ ሰው መለሰችልኝ።

«ለምን?» አልኳት። «ዓይኔ እያየ አቃጥለውት።»

«ለሰው እየሸጥሁት ምንም አላመጣም፤ አንዳንዱ አሳከከኝ ነው ያለ። ለሷ ደግሞ ያማረውን ነው የመረጥሁላት። ልጄ አይዶለችም እንዴ?»

«ወረቀቱ ዓይን ያጠፋል ይል ነበር።»

«ፈረንጅ የጻፈው ለራሱ ዓይን ነው። የፈረንጅ ዓይን ስስ ነው፣ ውኃ የመሰለ። የኛ ዓይን ጢስና አቧራ ለምዶ የጠና ነው፣ ምን ይሆናል ብየ ነው።» ልብሱን ጨምቃ ድንጋዩ ላይ ዘረጋችው። «አሁን ብናገር ዓይኗ ይመለሳል? እኔም እጠፋለሁ፣ እናትሽም ወዳጅ ታጣለች። ደግመሽ ብታወሪ ደግሜ እክዳለሁ።»

ይህን ስትል ድምጧ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እህቴን ትወዳታለች፤ የወደደቻትን ያህል ስሟን ትወድ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሲመጣ ስሟን መረጠች። ለዚህም ሲባል አንዲት ድሀ ሸክላ ሠሪ አገሯን ለቀቀች። እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ገበያ ወጥታ ኩል ሸጣለች። እናቴም እስከዚያ ቀን ድረስ ወዳጇ ነበረች።

እህቴ በየካቲት መጨረሻ በጭነት መኪና ጎንደር ሐኪም ቤት ተወሰደች። ሐኪሙ ዓይኗ ላይ ምን እንደተደረገ ሲጠይቅ እናቴ «ኩል ብቻ» ብላ መለሰች። ግራው አልተረፈም። ፋሲካ ሳይደርስ የባሏ እናት፣ እኒያው ዓይኗን አይተው የመረጧት ሴት፣ ጥሎሿን አስይዘው ወደ እኛ ቤት መለሷት። አልተሳደቡም። በሬ ገዝቶ አንካሳ ሆኖ የተገኘበት ሰው እንደሚያደርገው አድርገው መለሷት።

እህቴ ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ ጥጥ መፍተል ተማረች፤ እንዝርት ዓይን አይፈልግም። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በረንዳው ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ እርሻ ወጥተዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሸክላ ሠሪዋ ናት ያጠፋችኝ ብላ ታምን ነበር። እኔ ደግሞ ከቤተሰቡ ሁሉ እውነቱን ልትሰማኝ የምትችለው እሷ ናት፤ ሁለታችን አንድ ሆነን እንቆማለን፣ የክርስትና እናታችንን አብረን እንጠላለን ብዬ ነበር የመጣሁት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ጉማራ ድረስ የሚሰማ ለቅሶ ጠብቄ ነበር። እሷ መፍተሏን አላቆመችም።

«ወረቀቱን መቸ ነው ያነበብሽ?» አለችኝ።

«በኅዳር።»

«ሠርጌ በጥር ነበር።»

«አዎ።»

«በኅዳርና በጥር መሀል የት ነበር የምንተኛ?»

አንድ መደብ ላይ ነበር የምንተኛው። አንድ ጋቢ ነበር የምንለብሰው። በዚያ ጋቢ ውስጥ ስለ ባሏ፣ ስለ ቁሐር ሚካኤል፣ ስለምትለብሰው ሁሉ ስናወራ ከርመናል። ክሩ ተበጠሰና እንዝርቱ መሬት ወደቀ፤ ላነሳላት ጎንበስ ስል ቀድማኝ በእጇ ዳብሳ አገኘችው።

«እሷስ ነጋዴ ናት» አለች። «ለስሟ ብላ ነው። አንች ለምን ብለሽ ነው?»

ምያለሁ አልኳት። መማሌ ለራሴ ጆሮም ቀለለብኝ። ደግሞ፣ ሁሉንም ያቃጠለችው መስሎኝ ነበር አልኳት፤ ይህ እውነት ነው። ስታለቅሽ ኩሉ እንዳልፈሰሰ አይቻለሁ የሚለውን ግን መናገር አልቻልኩም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። እሷ ሌላ አልጠየቀችኝም። ክሩን ቀጥላ መፍተሏን ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ እህቴም በእናታችን ቤት ቀረች። ሳሙናም ይሁን ቅባት ከላዩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ ነው የምገዛው፤ ተማሪዎቼም ስለዚህ ይቀልዱብኛል። ለበዓል ወረታ እሄዳለሁ። እህቴ የጎረቤቱን ሁሉ ኮቴ ትለያለች። ካህኑ ገና አጥሩን ሳያልፉ «አባ መጡ» ትላለች፤ ጎረቤት ያለ ሕፃን እንኳ ሲገባ በስሙ ትጠራዋለች። እኔ ስገባ ግን ፊቷን ወደ በሩ ታዞርና «ማነው?» ትላለች። ስሜን እነግራታለሁ። «ግቢ» ትለኛለች።